“ማሰሪያሽን ጣዪው” ያላት መንፈስ ቅዱስ አይደለም



ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ሁለት ዓመት ዘግይቻለሁ። መጀመሪያ የልጄን ፈቃድ ጠበቅኩ። እሷ ከፈቀደች በኋላ ደግሞ እኔ ራሴ አፈርኩ፤ የምናገረው ስለ ሌላ ሰው ጥፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ገና ዱሮ በጻፍኩት። ስሟን አልጠራም። የሚያውቃት ያውቃታል።

የሦስት ቀን የፈውስ ጉባኤ ነበረን። በሦስተኛው ቀን ማታ የተጋበዘው አገልጋይ “ድጋፍ የያዛችሁ ሁሉ ድጋፋችሁን ይዛችሁ ወደ ፊት ኑ” አለ። ከዘራው፣ የአንገት ማሰሪያው፣ መነጽሩ ሳይቀር መድረኩ ጫፍ ላይ ተከመረ። ልጄ ከመዘምራን ጋር ተቀምጣ ነበር። በሁለቱም የእጅ አንጓዎቿና በግራ ጉልበቷ ላይ ማሰሪያ አላት። አገልጋዩ አያትና በማይክራፎኑ “አንቺ፣ ማሰሪያሽን ጣዪው!” አላት። ወደ እኔ ዞራ ተመለከተችኝ። እኔ መድረኩ ላይ ነኝ፤ የቤተ ክርስቲያኒቱ መጋቢ ነኝና። ራሴን ነቀነቅኩላት። ፈታችው። ወደ ፊት ወጣች፣ እጁን ጭኖ ግንባሯን ገፋት፣ ከኋላዋ የቆመው ወንድም እንዳትወድቅ ብሎ ክንዷን ያዘ፣ ትከሻዋ ወለቀ። ጮኸች። አገልጋዩ “ውጣ!” ብሎ ገሠጸ። ጉባኤው እልል አለ። እኔም “አሜን” አልኩ።

ከእልልታው መካከል ተነሥታ ልጇን ያቀፈች ባለቤቴ ብቻ ነበረች። ሆስፒታል ወሰድናት፤ ትከሻዋ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ክንዷ ግን ለሳምንታት በአንገቷ ታስሮ ከረመ። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ከኋላ ወንበር ሆና፣ “አባዬ፣ አንተም ጋኔን መስሎህ ነበር?” አለችኝ። አልመለስኩላትም። መልሱ “አዎ፣ ለትንሽ ጊዜ” ነበር።

እንግዲህ ስለ ሕመሙ ልንገራችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁት ስለማታውቁ ነው። ኤለርስ ዳንሎስ ሲንድረም ይባላል። ስያሜው ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ሕመሙን ከገለጹት ከሁለት የቆዳ ሐኪሞች፣ ከዴንማርካዊው ኤለርስና ከፈረንሳዊው ዳንሎስ የተወሰደ ነው። ሰውነታችንን አያይዞ የሚያቆም ነገር አለ፤ ሐኪሞች አያያዥ ሕብረ ሕዋስ ይሉታል። ጅማት ውስጥ፣ ቆዳ ውስጥ፣ የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ፣ አንጀት ውስጥ ሁሉ አለ። ጥንካሬውን በአብዛኛው የሚያገኘው ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን ነው። ኢዮብ በምዕራፍ 10 ላይ እግዚአብሔር በቁርበትና በሥጋ እንዳለበሰው፣ በአጥንትና በጅማት እንዳያያዘው ይናገራል። በልጄ ሰውነት ውስጥ ያ ማያያዣ የላላ ነው። መገጣጠሚያ ማለት በጅማት የታሰረ የሁለት አጥንቶች መገናኛ አይደል? ማሰሪያው ሲላላ አጥንቱ ከቦታው ይንሸራተታል፤ አንዳንዴ በግማሽ፣ አንዳንዴ ጨርሶ።

በ2017 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ሐኪሞች ባወጡት ምደባ ይህ ሕመም 13 ዓይነት ነው። ከመካከላቸው ትልልቅ የደም ሥሮችን የሚያጠቃ፣ ለሕይወት የሚያሰጋም አለ። የልጄ ያ አይደለም፣ ጌታ ይመስገን። የእሷ በብዛት የሚታየውና የመገጣጠሚያዎች ከመጠን በላይ መተጣጠፍ ዋና ምልክቱ የሆነው ነው። ከ13ቱ መካከል ምክንያት የሆነው ዘረ መል እስካሁን ያልተገኘለት እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ “ይኸው፣ በደሟ ተገኘ” የሚባልለት ምርመራ የለም፤ ሐኪም አይቶ፣ ዳስሶ፣ ታሪኳን ሰምቶ ነው የሚያውቀው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ወረቀት ላይ የማይወጣ ሕመም ያለበት ሰው ስንት ጊዜ ውሸታም እንደሚባል ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ልጅ ሳለች አውራ ጣቷን አጥፋ ክንዷ ላይ ታስተኛው ነበር። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ከረሜላ እየሰጡ ያሠሯት ነበር። እኔም እስቅ ነበር፤ እንዲያውም የእኔንም አውራ ጣት እንደዚያው አጥፌ አሳያታለሁ። ከ12 ዓመቷ በኋላ ግን ጉልበቴን፣ ዳሌዬን ማለት ጀመረች። “ስታድግ ይተዋታል” ተባልን። ታይፎይድ ተባለ፣ ታከመች። ሪህ ተባለ፣ ተመረመረች፣ የለባትም። ቁርጭምጭሚቷ ሲወልቅ ወጌሻ ዘንድ ወሰድኳት፤ አሽቶ፣ ጎትቶ “ገባ” አለን፤ በሳምንቱ ተመልሶ ወጣ። በመጨረሻ 21 ዓመት ሲሆናት አንድ ሐኪም “እስቲ አውራ ጣትሽን እጠፊልኝ” አላት። ትንሿን ጣቷን ወደ ኋላ፣ ክርኗን፣ ጉልበቷን፣ ከዚያም ጉልበቷን ሳታጥፍ መዳፏን ወለል ላይ። ከ9 ነጥብ የሚያዝ ምርመራ ነው። ከዚያ ብዙ ጠየቃት፣ ብዙ አዳመጣት። ስሙን ሲነግራት አለቀሰች። የደነገጠች መስሎኝ እጇን ያዝኩ። “አባዬ፣ ስም አለው እኮ” አለችኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ራሷን ስትጠራጠር ኖራለችና።

መድኃኒት የለውም ተባልን። መኖር ግን ይቻላል፤ በመገጣጠሚያው ዙሪያ ያሉትን ጡንቻዎች በፊዚዮቴራፒ ማጠንከር፣ በማሰሪያ መደገፍ፣ አቅምን ቆጥቦ መጠቀም። ያ አገልጋይ “ጣዪው” ያለው እንግዲህ ይህን ማሰሪያ ነው።

ቀኗ ገና ከአልጋ ሳትወርድ ይጀምራል። ትከሻዎቿን፣ ዳሌዋን፣ ጣቶቿን በየተራ ቀስ አድርጋ ትፈትሻለች፤ ሌሊት ስትገላበጥ የተንሸራተተ ካለ ሳታውቀው ዘላ ብትነሣ ቀኑን ሙሉ ስትሠቃይ ትውላለች። አስተማሪ ናት፣ ሦስተኛ ክፍል። ክንዷን ከትከሻዋ በላይ አንሥታ ብዙ መጻፍ ስለማትችል የሰሌዳውን የታችኛውን ግማሽ ብቻ ትጠቀማለች። ልጆቹ ለምደውታል፤ ላይኛውን “የሰማዩ ሰሌዳ” ይሉታል አሉ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ስትቆም ልቧ የሮጠች ያህል ይመታል፣ ዓይኗ ይጨልምባታል፤ ይህም ከዚህ ሕመም ጋር አብሮ በብዙዎች ላይ የሚታይ ነው። አውቶቡስ ውስጥ የላይኛውን ብረት ይዛ ከቆመች ሹፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር ትከሻዋ ያሰጋታል። ወጣት ናት፣ መልኳም ደኅና ነው፤ ስለዚህ የሚነሣላት የለም። እንዲያውም ወንበር ስታገኝ “ተነሺ እንጂ ለእናትየው” ትባላለች። ትነሣለች።

ቤት ውስጥስ? ውኃ በጠፋበት ሳምንት ጀሪካን ማንሣት፣ ልብስ ማጠብና መጭመቅ፣ አክንባሎ ከምጣድ ላይ ማንሣት፣ ሽሮ ማማሰል፤ ለእኛ ሥራ የማይባለው ሁሉ ለእሷ ሥራ ነው። ጀበናውን በሁለት እጇ ይዛ ስትቀዳ ያየች አንዲት ጎረቤታችን “ይቺ ባል ቤት ገብታ ምን ልትሆን ነው?” አለች፤ ልጄ ጆሮ እስኪደርስ ድረስ ጮክ ብላ ነው የተናገረችው። ቆዳዋም ቶሎ ይበልዛል። የጠረጴዛ ጫፍ ነካ ካደረጋት ሳምንት ይቆያል። (አንድ ሰሞን “መጋቢው ልጁን ይመታል” የሚል ወሬ ወጥቶብን ነበር። አሁን እንስቅበታለን፤ ያኔ ግን ባለቤቴ ለብዙ ቀን ምግብ አልበላም ብላ ነበር።) ድካሙ ደግሞ ሌላ ነው። ጅማቶቿ ሊሠሩ የሚገባቸውን ሥራ ጡንቻዎቿ ስለሚሠሩት ዝም ብላ በመቀመጥ እንኳ ትደክማለች። ስምንት ሰዓት ተኝታ እንዳልተኛች ሆና ትነሣለች።

እሑድ ወደ እኛ ስትመጣ ምን ይጠብቃታል? አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሞ ዝማሬ። ዝለሉ፣ እጃችሁን ወደ ላይ፣ አጠገባችሁ ያለውን ያዙና ነቅንቁት። መንበርከክ። የአዳር ጸሎት። ያለ ውኃ ጾም፤ እሷ ደግሞ ውኃና ጨው እንድታበዛ ሐኪሟ አዝዟታል። በር ላይ የሚቀበላት ወንድም እጇን ጨብጦ ሲያወዛውዛት ጣቶቿ ይንሸራተታሉ። ከፍቅሩ ነው፣ አልፈርድበትም። ተቀምጣ ስትዘምር ግን “ምነው መንፈስሽ ቀዘቀዘ?” የሚላት አይጠፋም። በአንድ ሳምንት ውስጥ ስንፍናዋን ጎረቤት፣ ጨዋነቷን የአውቶቡስ ተሳፋሪ፣ መንፈሳዊነቷን ቤተ ክርስቲያን ሲጠራጠርባት ተመልከቱ። ከሦስቱ የትኛው ይበልጥ እንደሚያማት ጠይቄያት ነበር። የሦስተኛውን ስም ስትጠራ ሳትጨርስ ዝም አለች፤ የእኔ ቤተ ክርስቲያን ነውና።

አሁን ወደ ክርክሩ ልግባ። ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፤ እግዚአብሔር ይፈውሳል። ሐኪም ተስፋ የቆረጠባቸው ሰዎች ተነሥተው ሲሄዱ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ዛሬም ለበሽተኞች እጄን ጭኜ እጸልያለሁ፤ ለልጄም በየማታው እጸልያለሁ። ጠቤ ያልተፈወሰውን ከሚከሱት ጋር ነው።

ልጄ የሕመሟን ስም ባወቀች ሰሞን ከጸሎት ክፍላችን ሁለት እህቶች መጥተው “ስሙን አትጥሪው፤ ከጠራሽው ትቀበይዋለሽ። አልታመምኩም በዪ” አሏት። ይህ ትምህርት በእኛ ዘንድ እንደ ወንጌል ስለተለመደ ማንም አይጠይቀውም። እኔ ግን ልጠይቅ፤ ከየት አመጣችሁት? በማርቆስ 9 ላይ አንድ አባት ልጁን ወደ ጌታ ያመጣል። ያውም ያ ልጅ በእርግጥ ርኩስ መንፈስ ያለበት ነው። ጌታ ከመገሠጹ በፊት አባትየውን ከጀመረው ስንት ጊዜ እንደሆነው ጠየቀው። አባትየውም ከልጅነቱ ጀምሮ የሆነውን፣ እሳቱንም ውኃውንም ነገረው። ጌታ “አሉታዊ ነገር አትናገር” አላለውም። ሰማው። ሁሉን የሚያውቀው ጌታ ስለ ሕመሙ ታሪክ ከጠየቀ፣ ምንም የማናውቀው እኛ ሳንጠይቅ “ውጣ!” የምንለው በየትኛው ሥልጣን ነው? ልጄ ላይ የጮኸው አገልጋይ አንዲት ጥያቄ ጠይቋት ቢሆን ኖሮ፣ “ምንሽን ነው የሚያምሽ?” ብቻ እንኳ ቢላት፣ ትከሻዋ አይወልቅም ነበር።

ድጋፍ መጣል እንደ እምነት ማስረጃ መቆጠሩን ደግሞ እንየው። እኔ መነጽር አደርጋለሁ። ሃምሳን ካለፍኩ በኋላ ያለ መነጽር መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ አልችልም። ያን ምሽት መነጽሬ አፍንጫዬ ላይ ነበር። የተጋበዘውም አገልጋይ መነጽር ነበረው። እሱን ጣሉት ያለን የለም! ዓይናችን ደክሞ ብርጭቆ ስንደግፍበት ጥበብ ይባላል፣ ልጄ ጅማቷ ላልቶ ጨርቅ ስታስርበት አለማመን ይባላል። ይህን ግብዝነት ለማየት ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፤ መነጽር ያደረግኩት ለማየት ነበር።

ያዕቆብን አስታውሱ። ዘፍጥረት 32 ላይ ሌሊቱን ሲታገል አድሮ የጭኑ መገጣጠሚያ ወለቀ። ባረከው፣ ስሙን ለወጠለት፣ ፀሐይ ስትወጣ ግን ያነክስ ነበር። መገጣጠሚያው የወለቀበት ሰው የአንድ ሕዝብ አባት ሆነ። የዕብራውያን ጸሐፊ በምዕራፍ 11 የእምነት አርበኞችን ሲዘረዝር ከያዕቆብ ረጅም ሕይወት የመረጠው የትኛውን ነው? መሰላሉን? ላባን ቤት ያሳለፈውን? በበትሩ ጫፍ ተደግፎ የሰገደውን ነው። የያዕቆብ ከዘራ የእምነት ምዕራፍ ውስጥ ገብቷል፤ እኛ የቤተ ክርስቲያናችንን አረጋውያን ከዘራ መድረክ ላይ እንከምራለን።

“በኢሳይያስ 53 ተፈውሰናል፤ ታዲያ ለምን ትታመማለች?” የሚለኝ ወንድም አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ በቀልድ አላልፈውም። ማቴዎስ በምዕራፍ 8 ላይ ይህንኑ የኢሳይያስ ክፍል ጌታ በሽተኞችን ከመፈወሱ ጋር ያያይዘዋል። ጴጥሮስ ደግሞ በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 2 ላይ ከኃጢአት ጋር ያያይዘዋል። ሁለቱም እውነት ነው። በመስቀሉ ላይ የሥጋችንም ቤዛነት ተከፍሏል። መቼ ነው ሙሉ በሙሉ የምንረከበው? ጳውሎስ በሮሜ 8፥23 የመንፈስ በኩራት ያለን እኛው ራሳችን የሰውነታችንን ቤዛ እየተጠባበቅን እንደምንቃትት ይጽፋል። መንፈስ ያላቸው ሰዎች ናቸው የሚቃትቱት። እግዚአብሔር ከዚያ ቀን አስቀድሞ ለወደደው ሰው ቅምሻ ይሰጣል፤ ፈውስ የምንለው እሱን ነው። ቅምሻው ላልደረሰው ሰው ግን “እምነት የለህም” ማለት ትንሣኤን በማታ ፕሮግራም ውስጥ ለመጨረስ መሞከር ነው። ጢሞቴዎስ ለሆዱና ለተደጋጋሚ ሕመሙ ምን እንዲያደርግ እንደተመከረ አንብቡ። ጥሮፊሞስን ጳውሎስ ሚሊጢን ላይ ታምሞ እንደተወው አንብቡ። አፍሮዲጡ እስከ ሞት እንደ ታመመ፣ ጳውሎስም እንደ እሱ ያሉትን አክብሩ እንዳለ አንብቡ። ሐዋርያው እነዚህን ሰዎች መድረክ ላይ ጠርቶ አልገፋቸውም። ይህን ሁሉ በነገረ መለኮት ኮሌጅ ተምሬ፣ ፈተና ላይ ጽፌ፣ አልፌ ነበር። መድረክ ላይ ስቀመጥ ጠፋብኝ።

ከዚያ ምሽት በኋላ ደግሞ ሌላ ቡድን ቤታችን መጣ። ሕመሙ በዘር የሚወርድ መሆኑን ሰምተው ኖሮ “የዘር እርግማን ነው፤ መሰበር አለበት” አሉ። ማን ጠንቋይ ቤት ሄዷል፣ ከእናት ወገን ነው ከአባት ወገን፣ እያሉ የዘር ሐረጋችንን ወረቀት ላይ አወረዱት። እናቴ ገጠር ሳለች እግሯ እየወለቀ “ልፍስፍሷ” ትባል እንደነበር አስታወስኩ። የራሴን አውራ ጣትም አስታወስኩ። በዘር መውረዱ እውነት ነው፤ አንዱ ወላጅ ካለበት ለእያንዳንዱ ልጅ የመውረዱ ዕድል ከሁለት አንድ ነው ይላሉ ሐኪሞቹ። ከእኔ ሳይሆን አይቀርም የወረደው። ቁመቷም ከእኔ ነው፣ ድምጿም ከእናቷ ነው። ቁመቷን ማንም እርግማን አላለውም። ደቀ መዛሙርቱ በዮሐንስ 9 ላይ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ይህንኑ የእኛን ጥያቄ ጠይቀው ነበር፤ እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ያጠፉት? የጌታ መልስ ሁለቱንም ዘጋ። እኛ ግን ጌታ የዘጋውን በር በወረቀትና በእስክርቢቶ እየከፈትን እናቶችን እናስለቅሳለን። ባለቤቴ ወረቀቱን ተቀብላ፣ አጥፋ፣ “ቡና ጠጡና ሂዱ” አለቻቸው። በጋብቻችን ዘመን እንደዚያ ቀን ኮርቼባት አላውቅም።

“ፓስተር፣ እንደዚህ ስትል የሰውን እምነት ታዳክማለህ” ብላችሁኛል። ስለ እምነት መዳከም እንነጋገር ካላችሁማ፣ ከዓመታት በፊት በአንድ ጉባኤ “ተፈውሻለሁ” ብሎ የስኳር መድኃኒቱን የተወ ወንድም ቀብረናል። በመድረክ ሲመሰክር ሁላችንም አጨብጭበናል። ስለ አሟሟቱ በመድረክ የተናገረ ግን የለም፤ እኔም አልተናገርኩም። ልጆቹ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን አይመጡም። የእነሱን እምነት ያዳከመው ማን ነው? ጌታ ለምጻሙን ከፈወሰ በኋላ ሄዶ ራሱን ለካህን እንዲያሳይ አዘዘው፤ በሕጉ መሠረት መንጻቱን የሚያረጋግጠው እሱ ነበርና። እውነተኛ ፈውስ ምርመራ አያስፈራውም። የሚፈራው ሌላው ነው።

ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ላይ ስለ በሽተኛ ጸሎት ሲያዝዝ ቅደም ተከተሉን አስተውላችሁታል? የሚጠራው በሽተኛው ነው፤ የሚመጡት ሽማግሌዎች ናቸው። ወደ እሱ ይመጣሉ፣ ዘይት ይቀባሉ፣ ይጸልያሉ። ካሜራ የለም፣ ገፊ የለም፣ ተቀባይ የለም። በሽተኛው በራሱ ቤት፣ በራሱ አልጋ ላይ ነው፤ የቱጋ እንደሚያመውና የቱጋ እጅ እንደማይጫንበት ለመናገር ጊዜ አለው። እኛ ይህን ገልብጠን በሽተኛውን ወደ መድረክ ጠራን፣ ከዚያ እንዲድንልን ጠበቅን። ካልዳነ ያሳፈረን እሱ ሆነ።

ልጄ ከዚያ ምሽት በኋላ ስምንት ወር ቤተ ክርስቲያን አልመጣችም። አላስገደድኳትም፤ በምን አፌ? በስምንተኛው ወር አንድ ማታ ክፍሏ ገብቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩና መኪና ውስጥ ለጠየቀችኝ ጥያቄ መልሱን ነገርኳት። ብዙ ቆየች። “አውቅ ነበር፤ ግን ከአንተ መስማት ፈልጌ ነው” አለችኝ።

በሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ ሁለት ነገር አቀረብኩ። መጀመሪያ፣ በእኛ መድረክ ላይ ማንም ሰው ድጋፉን ወይም መድኃኒቱን እንዲጥል አይታዘዝም፤ ተፈወስኩ የሚል ሰው ሐኪሙ ዘንድ ሄዶ ታይቶ፣ ከዚያ ይመሰክራል። ሁለተኛ፣ መሪው “ተነሡ” ሲል “የምትችሉ” የሚል ቃል ይጨመርበታል። በመጀመሪያው ላይ ሦስት ሳምንት ተከራከርን። አንድ ቤተሰብ “ይህ ቤት መንፈስ ቅዱስን አጠፋ” ብሎ ለቅቆ ሄደ፤ ሃያ ዓመት አብረን የጸለይን ነን፣ ዛሬም ያመኛል። ሁለተኛው ቀላል ነው ብዬ ነበር፤ ግን አንድ ዘማሪ እስካሁን ይረሳዋል፣ ከመድረክ በዓይኔ አስታውሰዋለሁ። እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ናቸው። አውቃለሁ። “የምትችሉ” የሚለውን ቃል መጨመር የጀመርን ዕለት ግን ተቀምጠው የቀሩትን ስቆጥር አሥራ አንድ ነበሩ። አሥራ አንድ! በየሳምንቱ እያማቸው ይቆሙ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ከእነሱ መካከል ሁለቱ ሽማግሌዎቻችን ናቸው።

ያን ወንድም፣ ክንዷን የያዘውን፣ ብዙዎቻችሁ ስለ እሱ ትጠይቁኛላችሁ። ቤታችን መጥቶ አልቅሷል። ልጄ ክንድ እንዴት እንደማይያዝ አሳየችው፤ አሁን እሑድ እሑድ ወንበር የሚይዝላት እሱ ነው። የተጋበዘውን አገልጋይ ደውዬ የሆነውን ነግሬዋለሁ። “እምነቷ ቢኖር ኖሮ” ብሎ ጀመረ። ስልኩን ዘጋሁበት። ተገቢ አልነበረም ይሆናል።

ባለፈው እሑድ ልጄ ከግድግዳው አጠገብ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ማሰሪያዎቿ እጆቿ ላይ፣ የግራ ጉልበቷም ታስሮ። ከዝማሬው በኋላ አንዲት አረጋዊት እህት፣ እሷም ከዘራ አላት፣ ቀስ እያለች መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። “ዛሬስ የቱ ነው የወጣው?” አለቻት። ልጄ በጣቷ ቆጠረችላት፤ ትከሻ፣ አውራ ጣት፣ ደግሞ ይሄ ቁርጭምጭሚት። አሮጊቷም የራሷን ቆጠረችላት። ሁለቱም ሳቁ፤ ስብከት ልጀምር ቆሜ ስለነበር ጠበቅኳቸው። ከዚያ አሮጊቷ ልትጸልይላት እጇን ዘረጋች፣ ትከሻዋ ላይ ልታሳርፍ ስትል አስታወሰችና መለሰችው። የልጄን የነጠላ ጥለት ያዘች፣ ዓይኗን ጨፈነች።